ጎርፍን ማዘግየት፣ ጅረትን ማዳን፦ የሪያዱ ዋዲ ሐኒፋ ተሞክሮ

በዐረቢያ ልሳነ ምድር ዝናብ ብርቅ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጥለው ዝናብ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህ መጠን አዲስ አበባ በክረምት በአንድ ወር ብቻ ከምታገኘው ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥቂት ዝናብ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፍሎ አይወርድም። ሰማዩ ለወራት ጠርቶ ይቆይና፣ በክረምትና በጸደይ ወራት ባሉ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ የዓመቱ ዝናብ ከፊሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ውኃ አጥቶ የኖረው ምድር ውኃውን ለመቀበል ጊዜ አያገኝም፤ ጎርፉም ከተራራ ወደ ሸለቆ፣ ከሸለቆም ወደ ከተማ ይወርዳል።

በመሆኑም የአካባቢው አገሮች በአንድ ጊዜ ሁለት ችግሮችን መፍታት ይጠበቅባቸዋል። የመጀመሪያው ጎርፉ የሰው ሕይወትና ንብረት እንዳያጠፋ መከላከል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ያ ብርቅ ውኃ ቆሻሻ ተሸክሞ ሸለቆዎችንና ጅረቶችን ሳይበክል ወደ ከርሰ ምድር የሚገባበትን መንገድ ማመቻቸት ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የተገኘው ልምድ ሁለቱም ችግሮች አንድ መፍትሔ እንዳላቸው ያሳያል። ጅረትን መጠበቅ የሚጀምረው ከጅረቱ ዳር ሳይሆን ዝናቡ ከሚያርፍበት ተራራ፣ ጣሪያና መንገድ ነው። የዋዲ ሐኒፋ የመልሶ ማቋቋም ሥራም ለዚህ በአካባቢው ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች ዋነኛው ነው።

ዋዲ እና ተፋሰስ

ዋዲ የሚለው የዐረብኛ ቃል ሸለቆ ማለት ሲሆን፣ በአብዛኛው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚሞላን ደረቅ የወንዝ መውረጃ ያመለክታል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። ሰዎች ይሻገሩበታል፣ ይነግዱበታል፤ ወንዝ መሆኑም ሊዘነጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ግን ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። የዋዲ ዋነኛ አደጋ ይኸው ነው፤ ዝናቡ ሩቅ ቦታ ይጥልና ጎርፉ ደመና ወዳልታየበት መንደር ሊደርስ ይችላል።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ተፋሰስ የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ተፋሰስ ማለት የሚጥልበት ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ መውጫ የሚወርድበት መሬት ነው። ዋዲ ሐኒፋ ከሪያድ ሰሜን ምዕራብ ካለው የጡወይቅ ተራራማ ሰንሰለት ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል። ወደ እርሱ የሚገቡት ገባር ሸለቆዎች ብዙ ሲሆኑ፣ የተፋሰሱ ጠቅላላ ስፋት ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በሸለቆው ወለል ላይ የሚታየው ጎርፍ በዚህ ሰፊ መሬት ላይ የወረደው ዝናብ ድምር ነው። በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ መንገድም ይሁን ሕንፃ ወይም የድንጋይ ካባ፣ ውጤቱ በታችኛው ሸለቆ ይታያል።

ከተማ ሲሰፋ የዝናቡ መንገድ ይለወጣል

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ውጤቱ ከባድ ነው። አንድ ሄክታር ስፋት ባለው፣ በአስፋልት በተሸፈነ የመኪና ማቆሚያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 200 ሺህ ሊትር ውኃ ይወርድበታል። ይህም እያንዳንዳቸው 20 ሺህ ሊትር የሚይዙ 10 የውኃ ቦቴዎች በአንድ ጊዜ ቢደፉ የሚገኘው ውኃ ማለት ነው። መሬቱ ጠጠርና አሸዋ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ውኃ የተወሰነው ወደ ውስጥ ይሰርግ፣ ሌላውም በጉድጓዶችና በቁጥቋጦዎች ሥር ይቆይ ነበር። አስፋልት፣ ኮንክሪትና ጣሪያ ግን ውኃ አያስገቡም፤ የወረደውን በሙሉ ማለት ይቻላል ወዲያውኑ ያፈሳሉ።

በዚህ ምክንያት ሦስት ጉዳቶች ይከተላሉ። አንደኛው ጎርፉ በመጠን መጨመሩ ብቻ ሳይሆን በፍጥነት መድረሱ ነው። ቀድሞ በብዙ ሰዓታት ተከፋፍሎ ይደርስ የነበረው ውኃ በአጭር ጊዜ ተጠራቅሞ ሲመጣ የሸለቆውን ዳርቻ ይሸረሽራል፣ አፈሩን ይጠርጋል፣ ዛፎችን ይነቅላል፤ ድልድዮችንም ያሰጋል። ሁለተኛው የከርሰ ምድር ውኃ መጉደል ነው፤ በፍጥነት ያለፈ ውኃ ወደ መሬት ለመስረግ ጊዜ ስለማያገኝ ጉድጓዶችና ምንጮች ይደርቃሉ።

ሦስተኛው ጉዳት በዓይን ብዙም የማይታይ ነው። በደረቁ ወራት በመንገዶችና በመኪና ማቆሚያዎች ላይ የሞተር ዘይት ጠብታ፣ ከጎማ የተፋቀ ጥቃቅን ላስቲክ፣ ከፍሬን ሸራ የወጣ የብረታ ብረት ብናኝ፣ አቧራና ቆሻሻ ይከማቻል። ለወራት የተከማቸው ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጎርፍ ከኋለኞቹ ይልቅ የቆሸሸ ነው። በብዙ የባሕረ ሰላጤው ከተሞች የዝናብ ውኃ የሚወርድባቸው ቱቦዎች ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መስመሮች የተለዩ ስለሆኑ፣ በመንገድ ዳር ወደ ሚገኘው ፍርግርግ የገባ ነገር ብዙ ጊዜ በማጣሪያ ጣቢያ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ዋዲ ወይም ወደ ባሕር ይደርሳል።

ዋዲ ሐኒፋ ከእርሻ ሸለቆነት ወደ ቆሻሻ መጣያነት

የዋዲ ሐኒፋ ዳርቻዎች ለዘመናት የቴምር አትክልትና የእርሻ ቦታዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የሳዑዲ መንግሥት መቀመጫ የነበረችው ድርዒያ የተቆረቆረችውም በዚሁ ሸለቆ ዳር ነው። በጭቃ ጡብ የተገነባው የጡረይፍ ሠፈርዋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንቶቹ ገበሬዎች ጎርፍን እንደ ጠላት ብቻ አልተመለከቱትም። ደለሉ ማሳቸውን ያለመልማል፣ ውኃውም ጉድጓዶቻቸውን ይሞላል። ስለዚህ ቤቶቻቸውን ከፍ ባለ ቦታ እየሠሩ፣ የሸለቆውን ወለል ለእርሻና ለውኃው ይተዉ ነበር።

ይህ ሥርዓት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ተለወጠ። ሪያድ በፍጥነት አደገች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 7 ሚሊዮን ደርሷል። ለግንባታው የሚያስፈልገው አፈርና ድንጋይ በከፊል ከሸለቆው ተቆፍሮ ወጣ፤ ከፈረሱ ሕንፃዎች የተረፈው ፍርስራሽም ተመልሶ ወደ ሸለቆው ተጣለ። የሸለቆው ወለል በጉድጓድና በፍርስራሽ ክምር ተሞላ፤ የጎርፉም መንገድ ተዘጋጋ።

በዚህ ላይ ያልታሰበ ሌላ ችግር ተጨመረ። ለከተማዋ የሚያስፈልገው ውኃ ጨው ከተጣራለት የባሕረ ሰላጤ ውኃ ተወስዶ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በቧንቧ ይመጣ ጀመር። ከዚህ ውኃ ከቧንቧዎች፣ ከመጸዳጃ ጉድጓዶችና ከአትክልት ቦታዎች የሚሰርገው ክፍል ቀስ በቀስ ከከተማዋ ሥር ተጠራቅሞ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ አደረገው። የሕንፃዎች መሠረትና ምድር ቤቶች እንዳይጎዱ ውኃው እየተሳበ እንዲወጣ ተደረገ፤ መድረሻውም ዋዲው ሆነ። ከማጣሪያ ጣቢያዎች የሚወጣው ፍሳሽም ተጨመረበት። እንዲህ በመሆኑ በዝናብ ጊዜ ብቻ ይሞላ የነበረው ሸለቆ በታችኛው ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ አገኘ። ይሁን እንጂ ውኃው የተበከለና ሽታ ያለው ስለነበር ሰዎች ከሸለቆው ራቁ።

የመልሶ ማቋቋሙ ሥራ

የሪያድ ልማት ባለሥልጣን ሸለቆውን መልሶ የማቋቋም ሰፊ ዕቅድ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። በዕቅዱ ሥራ የካናዳው ሞሪያማ ኤንድ ተሺማ እና የብሪታንያው ቡሮ ሃፖልድ ተሳትፈዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2010 ለአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት በቅቷል። ሽልማቱ ለሕንፃ ሳይሆን ለሸለቆ መሰጠቱ የብዙዎችን ትኩረት ስቧል።

በዕቅዱ መነሻ ላይ አንድ መሠረታዊ ምርጫ ነበር። በብዙ ከተሞች እንደተለመደው ዋዲውን በኮንክሪት ቦይ ማጠርና ጎርፉን በፍጥነት ከከተማ ማስወጣት ይቻል ነበር። ይህ አማራጭ ለአንድ ሠፈር እፎይታ ቢሰጥም፣ ጎርፉን ይበልጥ አፍጥኖ ለታችኛው መንደር ያስተላልፋል፤ ውኃውም ወደ መሬት አይገባም፤ በሸለቆውም ሕይወት ያለው ነገር አይበቅልም። የዋዲ ሐኒፋ ዕቅድ ከዚህ ተቃራኒውን መረጠ፤ ለጎርፉ ቦታውን መመለስና ፍጥነቱን መቀነስ።

በዚህ መሠረት መጀመሪያ የፍርስራሹ ክምር ተነሣ፣ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ተስተካከሉ፤ የሸለቆው ወለልም ተፈጥሮአዊ ተዳፋቱ ተመለሰለት። ቀጥሎ ውኃው የሚሄድበት መንገድ በሁለት ደረጃ ተከፈለ። በመካከሉ ለዕለት ተዕለቱ ፍሰት የሚሆን ጠባብ ቦይ ሲኖር፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ የሚሞላ ሰፊ ሜዳ ተተወ። ዝናብ በሌለበት ጊዜ ይህ ሜዳ ለእግረኞችና ለመዝናኛ ያገለግላል፤ ጎርፍ ሲመጣም የውኃው ማረፊያ ይሆናል። በቦይው ላይ ከአካባቢው የኖራ ድንጋይ ዝቅተኛ ክትሮች ተሠሩ። እነዚህ ክትሮች ውኃውን አያቆሙትም፤ ደረጃ በደረጃ እንዲወርድ በማድረግ የመሸርሸር ኃይሉን ያዳክሙታል።

ለአካባቢው የአየር ንብረት ተስማሚ የሆኑ ግራርን የመሳሰሉ የበረሃ ዛፎችና የቴምር ዘንባባዎች በሸለቆው ተተከሉ። የተክሎቹ ሥር አፈሩን ይይዛል፤ ግንዳቸውና ቅጠላቸው የውኃውን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጥላቸውም ሰውን ወደ ሸለቆው ይጠራል። የድሮው የአል-ዒልብ ግድብ አካባቢን የመሰሉ ቦታዎች ወደ መናፈሻነት ተለወጡ። በድንጋይ አጥር የተከለሉ የቤተሰብ መቀመጫዎችና የእግር መንገዶችም ተሠሩ። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አልነበረም። ሰው የሚመላለስበትና የሚወደው ሸለቆ በስውር ፍርስራሽ የሚደፋበት ቦታ ሆኖ አይቀጥልም።

ውኃን በድንጋይ፣ በአልጌና በዓሣ ማጣራት

ከዋዲ ሐኒፋ ሥራዎች መካከል ባለሙያዎችን ይበልጥ የሳበው በሸለቆው ውስጥ የተገነባው ሕያው የውኃ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው 134 ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ በጎን ለጎን የተደረደሩ ሰፋፊ ገንዳዎችን ይመስላል። ውኃው በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ በዝግታ እየተላለፈ ይጣራል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩትም ኬሚካሎች ሳይሆኑ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የተበከለ ውኃ በቂ ኦክስጅን የለውም፤ ሽታውም በከፊል ከዚህ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ውኃው በድንጋይ ክትሮች ላይ ሲወርድ እየተረጨ ከአየር ጋር እንዲቀላቀል ይደረጋል፤ በክፍሎቹ ውስጥም አየር በፓምፕ ይነፋበታል። ኦክስጅን ሲገኝ በድንጋዮቹ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይመገባሉ። አልጌዎች ደግሞ በውኃው ውስጥ የቀሩትን ንጥረ ነገሮች ወስደው ያድጋሉ። አልጌውንና ባክቴሪያውን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ይመገቧቸዋል፤ እነርሱም በተራቸው ቴላፒያን ለመሰሉ ዓሦች ምግብ ይሆናሉ። ዓሦቹን ደግሞ ወፎች ያድኗቸዋል። ቀድሞ ብክለት የነበረው ነገር በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እያለፈ ወደ ሕይወት ይለወጣል።

በዚህ መንገድ የሚጣራው ውኃ በቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኪዩብ ነው። ከማጣሪያው የወጣው ውኃ በሸለቆው ወደ ታች እየፈሰሰ ከከተማዋ ደቡብ ወዳለው የአል-ሐኢር አካባቢ ይደርሳል፤ እግረ መንገዱንም ለእርሻ መስኖ ያገለግላል። በዚያ የተፈጠሩት ሐይቆችና የቄጠማ ቦታዎች ለወፎች መጠለያ ሆነዋል። ውኃው ለመጠጥ የሚሆን ባይሆንም፣ ጨው ከተጣራለት ውድ ውኃ ለመስኖ ይወሰድ የነበረውን ድርሻ ይቆጥባል።

ጎርፍ ችላ ሲባል የሚያስከፍለው ዋጋ

የዋዲዎችን መንገድ አለማክበር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በአካባቢው በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 2009፣ የሐጅ ሥርዓት በሚጀምርበት ዕለት፣ በጂዳ ከተማ በአራት ሰዓታት ያህል ጊዜ ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ጣለ። ከከተማዋ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች የወረደው ጎርፍ በዋዲዎች ወለል ላይ የተሠሩ ሠፈሮችንና መንገዶችን አጥለቀለቀ፤ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጎን ጎርፉን የሚያዘገዩ ግድቦችና ወደ ባሕር የሚመሩ ቦዮች ተገንብተዋል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 ደግሞ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛ የተባለው ዝናብ ተመዝግቧል። በአል-ዐይን ኸትም አል-ሸክላ በተባለ ቦታ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጥሏል። በዱባይና በሌሎች ከተሞች መንገዶች ለቀናት በውኃ ተዘግተው የቆዩበትን ያን ጊዜ በርካታ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ያስታውሱታል። ከሁለት ወራት በኋላ ዱባይ «ተስሪፍ» የተባለውንና 30 ቢሊዮን ድርሃም የተመደበለትን የዝናብ ውኃ ማስወገጃ ፕሮጀክት ይፋ አድርጋለች። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2033 ሲጠናቀቅ በቀን ከ20 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውኃ ማስተናገድ እንዲችል ታቅዷል።

ትላልቅ ቱቦዎች ቀድሞ የተገነባን ከተማ ለመጠበቅ አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ቱቦ ውኃውን ያስወግዳል እንጂ አያጣራውም፣ ወደ ከርሰ ምድርም አያስገባውም። ስለዚህ የከተማው ቱቦና የተፋሰሱ ሥራ እርስ በርስ የሚደጋገፉ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚተኩ አይደሉም። በላይኛው ተፋሰስ የዘገየ እያንዳንዱ ሊትር በታች ካለው ቱቦ ላይ ጫና ይቀንሳል።

ከተራራው የሚጀምር ጥበቃ

በኤምሬቶችና በኦማን የሐጀር ተራሮች ግርጌ የተገነቡት ብዙዎቹ ግድቦች ከሌላው ዓለም ግድብ የተለየ ዓላማ አላቸው። እነዚህ ግድቦች ውኃ ይዘው ለዓመታት እንዲያስቀምጡ የታሰቡ አይደሉም፤ ፀሐዩ እያተነነ ይጨርሰዋልና። ሥራቸው ጎርፉን ለጥቂት ቀናት ማቆየት ነው። ውኃው ሲረጋ ደለሉ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የጠራው ውኃ ከግድቡ በታች ቀስ ብሎ ይለቀቅና በጠጠራማው መሬት ውስጥ እየሰረገ የገበሬዎችን ጉድጓዶች ይሞላል። በፉጀይራ የሚገኘው የዋዲ ሐም ግድብና በኦማን ዋና ከተማ በመስቀጥ አቅራቢያ ያለው የአል-ኸውድ ግድብ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሆኖም ግድቦቹ ጥገና ይፈልጋሉ። የዘቀጠው ደለል ካልተጠረገ የመሬቱን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን ውኃው ወደ ውስጥ መስረጉን ያቆማል።

በነዚሁ ተራሮች መካከል ያለው የፉጀይራው ዋዲ ዉረይዓ ጤናማ ተፋሰስ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውኃ ያለው ይህ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2009 ጥብቅ ሥፍራ ሆነ፤ በ2010 ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች ተርታ በራምሳር ስምምነት ተመዘገበ፤ በ2018 ደግሞ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ታወቀ። በኩሬዎቹ ውስጥ በሐጀር ተራሮች ብቻ የሚገኝ ትንሽ ዓሣ ይኖራል። ለሽርሽር የሚመጣ ሰው ጥሎት የሚሄደው ላስቲክና ፍርስራሽ እንደዚህ ላለ ጠባብ መኖሪያ ከባድ አደጋ ነው።

የዚህ ሥራ መርሕ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ሰው በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ሲሠራ፣ በቦረቦር ላይ የድንጋይ ክትር ሲደረድር፣ የተራቆተ ተራራ ከልቅ ግጦሽ ሲከለል ያውቃል። የኮንሶ የድንጋይ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ ደግሞ ተራራውን ከልሎ፣ ክትርና ኩሬ ሠርቶ የጉድጓዶቹን ውኃ በመመለሱ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። በኮንሶ ተራራ የተደረደረው እርከንና በሪያድ ሸለቆ የተደረደረው የኖራ ድንጋይ ክትር የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ሁለቱም የሚሮጠውን ውኃ እንዲራመድ ያደርጉታል።

ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባ

የተፋሰስ ጥበቃ የመሐንዲሶችና የመንግሥት ብቻ አይደለም። ግቢ የሚያጠቡ፣ አትክልት የሚንከባከቡ፣ መኪና የሚያጥቡ፣ በግንባታና በምግብ ቤት የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ የሚወስኗቸው ትናንሽ ውሳኔዎች ወደ ዋዲው የሚደርሰውን ነገር ይወስናሉ። ያገለገለ የሞተር ዘይትና የምግብ ዘይት በመንገድ ዳር ፍርግርግ ውስጥ መድፋት አይገባም፤ በዕቃ ተሰብስቦ ለተመደበለት ማስወገጃ መሰጠት አለበት። የሲሚንቶ ማደባለቂያና የቀለም ዕቃ የታጠበበት ውኃ ለውኃ ውስጥ ሕይወት ጎጂ ከመሆኑም በላይ፣ ሲሚንቶው በቱቦ ውስጥ ደርቆ ይዘጋዋል። ግቢ ሲጸዳ ቅጠልና አሸዋን በውኃ እየገፉ ወደ ፍርግርጉ ከማስገባት ይልቅ ጠርጎ ማንሣት ይመረጣል። የተደፈነ ፍርግርግ በዝናብ ቀን ሠፈሩን የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የተደፈነ ወይም ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ ያየ ሰው ለአሠሪው ወይም ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ቢያሳውቅ ሊደርስ የሚችልን አደጋ ያስቀራል።

በሸለቆዎች ውስጥ ለሚሠሩ እረኞች፣ የእርሻ ሠራተኞችና አሽከርካሪዎች ደግሞ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በፍጥነት የሚፈስ ውኃ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ውኃ ብዙ ትናንሽ መኪናዎችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ከባድ የሚባሉትን ጭምር ሊወስድ ይችላል። ውኃው ደፍርሶ ስለሚመጣ ጥልቀቱን፣ መንገዱ ከሥሩ መኖር አለመኖሩንም በዓይን መለየት አይቻልም። በዝናብ ወቅት በዋዲ ወለል ላይ ድንኳን መትከል፣ መኪና ማቆምም ሆነ መተኛት አደገኛ ነው፤ በአካባቢው ሰማዩ ጠርቶ ቢታይም ጎርፍ ከሩቅ ተራራ ሊመጣ ይችላልና። የውኃው ድምፅ ከተሰማ ወይም ፍሰቱ በድንገት ከደፈረሰ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይዘገዩ ወዲያውኑ ወደ ከፍተኛ ቦታ መውጣት ያስፈልጋል። መንጋን ለማዳን ሲባል ወደ ጎርፍ መግባትም ሕይወትን ያሳጣል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ጥብቅ ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2023 በተሻሻለው የትራፊክ ደንብ መሠረት፣ የአደጋው መጠን ምንም ይሁን ምን፣ በጎርፍ ወደ ተሞላ ሸለቆ መኪና ይዞ የገባ አሽከርካሪ 2,000 ድርሃም ይቀጣል፤ 23 ጥቁር ነጥብ ይመዘገብበታል፤ መኪናውም ለ60 ቀናት ይያዛል። በዝናብ ጊዜ ጎርፍ ለማየት በሸለቆዎችና በግድቦች አጠገብ መሰብሰብም 1,000 ድርሃምና 6 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል። በሳዑዲ ዐረቢያ ውኃ እየፈሰሰበት ያለን ሸለቆ ማቋረጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ሪያል የሚደርስ ቅጣት አለው። ስለዚህ አሠሪ ወይም ተሳፋሪ «ቶሎ ድረስ» ቢል እንኳ፣ አሽከርካሪው የተሞላ ሸለቆ አላቋርጥም ለማለት ሕጉን ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ይችላል።

በአደጋ ጊዜ የሲቪል መከላከያ ስልክ በኤምሬቶች 997፣ በሳዑዲ ዐረቢያ 998 ነው። ቋንቋውን በደንብ የማይናገር ሰው ያለበትን ቦታ ስም፣ የቅርቡን መንገድ ቁጥር ወይም የእርሻውን ባለቤት ስም አስቀድሞ በዐረብኛ ጽፎ ቢይዝ እርዳታው ፈጥኖ እንዲደርስለት ይረዳዋል። በተለይ ከከተማ ርቀው በሸለቆ እርሻዎች የሚኖሩ ሠራተኞች፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያቸው ያለውን ከፍተኛ ቦታና ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ለይተው ማወቃቸው ጠቃሚ ነው።